ክራሩን ማን ሠራው?

ሰው አንድ ዘፈን ሲወድ መጀመሪያ የዘፋኙን ስም ይጠይቃል። ገፋ ያለው ግጥሙን ማን እንደ ጻፈው፣ ዜማውን ማን እንደ ደረሰው ይጠይቃል። በካሴት ዘመን ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ ያነበበ ሰው አቀናባሪውን፣ ስቱዲዮውን፣ አሳታሚውን፣ አልፎ አልፎም ፎቶግራፉን ያነሳውን ሰው ስም ያገኝ ነበር። ምስጋናውማ ከእናት አባት ተነስቶ ብር እስካበደረው ጓደኛ ድረስ ይዘልቃል። ክራሩን የሠራው ሰው ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ማሲንቆውን የጠረበው፣ ቆዳውን የወጠረው፣ ጅማቱን የፈተለው ማን ነው? የሚጠይቅም የለም፤ የሚመልስም የለም። መሣሪያው ከሰማይ የወረደ ይመስል።

ሌላው ዓለም ዘንድ ነገሩ እንዲህ አይደለም። በእጅ የተሠራ ጊታር ያገኘ ሰው በድምፅ መውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮልቆ ቢያይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋ ያገኛል። የሠሪው ስም፣ የሠራበት ከተማና ዓመቱ ተጽፎባታል። ዛሬ ክላሲካል ጊታር የምንለው መሣሪያ መጠኑንና ቅርጹን በአብዛኛው ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1817 እስከ 1892 ከኖረ አንድ ስፔናዊ አናጢ እጅ ነው፤ አንቶንዮ ደ ቶሬስ ይባላል። እኚህ ሰው በ1862 አንድ ጉድ ሠሩ። የጊታሩን ፊት ከጥሩ እንጨት አበጁና ጀርባውንና ጎኑን ከካርቶን አደረጉት። ሰው ሁሉ ‹‹የጊታር ድምፅ ከውድ እንጨት ነው የሚመጣው›› እያለ በሚከራከርበት ጊዜ፣ ድምፁ የሚወለደው ከፊት ካለችው ስስ ገበታ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ያ ጊታር ዛሬም ባርሴሎና በሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ተቀምጧል።

ታዲያ ቶሬስም ቢሆኑ በሙያቸው ብቻ አልኖሩም። ጊታሩ እንጀራ አልሆን ብሎ በ1870 ገደማ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ ቆይተው ነው ወደ ሥራቸው የተመለሱት። ቢያንስ ግን ስማቸው ከእንጨቱ ጋር ቀርቷል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ እዚህ ሆነን ስማቸውን የምንጠራው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ምክንያት ነው።

የቶሬስን የካርቶን ጊታር ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ያን ፈተና ወደኛ አገር ብናመጣው ምን እናገኛለን? የክራራችን፣ የማሲንቋችን፣ የበገናችን ፊት እንጨት አይደለም፤ ቆዳ ነው። እንግዲህ ድምፅ የሚወለደው ከፊት ከሆነ፣ የክራር ድምፅ የሚወለደው ከቆዳው ነው ማለት ነው። ቆዳውን ያዘጋጀው ማን ነበር? እዚህ ላይ ነው የታሪካችን አሳፋሪ ገጽ የሚገለጠው።

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። ደህና ክራር ለመሥራት የደረቀ እንጨት ይፈለጋል። በአምቦና በዙሪያው፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በጊንጪ ገበሬው በማሳው መሃል ሳይቆርጥ የሚተዋት ዋንዛ፣ በኦሮምኛ ዋዴሳ የምትባለው፣ ለዚህ የታወቀች ናት። ለጠራቢው እሺ ትላለች፤ ከደረቀች በኋላም በቀላሉ አትጣመምም። እንጨቱ ተፈልፍሎ ገበቴ ይሆናል። ሁለት ቋሚዎች ከገበቴው ይወጡና ከላይ በቀንበር ይያያዛሉ። አምስት ወይም ስድስት አውታር ከቀንበሩ እስከ ገበቴው ግርጌ ይወጠራል። ድሮ አውታሩ ከበግ አንጀት የተፈተለ ጅማት ነበር፤ አሁን ናይሎን ወይም የብረት ክር ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ቆዳው ነው። የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ ጠጉሩና ስጋው ተፍቆ፣ ገና እርጥብ ሳለ ገበቴው ላይ ይወጠርና ዙሪያውን በጠፍር ይታሰራል። ከዚያ ሲደርቅ ራሱን በራሱ ይወጥራል። ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ቆዳ ግን እንደ ወረቀት አንድ ዓይነት አይደለም። የጀርባው ወፍራም ነው፤ የሆዱ ስስና ተለጣጭ ነው። ወፍራም ከቀረ ድምፁ ይታፈናል። ከመጠን በላይ ከተፋቀ ይጮኻል፤ ቶሎም ይቀደዳል። አንድ ወገኑ ከሌላው ከሳሳ አንዱ አውታር ሲናገር ሌላው ያንጎራጉራል። ፋቂው በመሣሪያ አይለካም፤ በጣቱ ዳብሶ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አይቶ፣ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ሰምቶ ነው የሚያውቀው። ይህ እኮ ዕውቀት ነው!

ማሲንቆ ደግሞ አራት ማዕዘን ሳጥኑ በሁለት ወገን ቆዳ ለብሶ አንድ አውታር ብቻ ይዞ ይቆማል። አውታሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው። አምቦ ዋና ከተማው የነበረችበት የድሮው ጅባትና ሜጫ አውራጃ የፈረስ አገር ነው፤ ጀግናው በፈረሱ ስም የሚጠራበት፣ ሠርግና ለቅሶ ያለ ፈረስ የማይደምቅበት። ፈረሱ በግልቢያው ይዘፈንለታል። ከሞተም በኋላ ጭራው ማሲንቆ ላይ ሆኖ ሌላውን ያዘፍናል። ጭራው ሙጫ ካልነካው ደጋኑ አውታሩን አይዘውም፤ ስለዚህ ዕጣን ይታሻል። ማሲንቋችን የሰው ጉሮሮ የሚመስለው በዚህ ነው፤ ጭራ ጭራን ይፍቃል፣ ቆዳውም ይቀበለዋል። ጣት አውታሩን ከእንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ በጎን ነካ ያደርገዋል እንጂ። ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚያለቅሰውም ስለዚህ ነው።

በገናው ከሁሉ ይረቅቃል። አሥር አውታሮቹ በርኩማው ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዱ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ እንዚራ ትባላለች። አውታሩ ሲመታ ከእንዚራው ጋር እየተነካካ ያንን የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። እንዚራዋ በስንዝር ሳይሆን በጸጉር ውፍረት ወዲያ ወይም ወዲህ ብትል በገናው ዝም ይላል። የበገናን ድምፅ ሰምቶ በጾም ሌሊት ዕንባው የመጣበት ሰው፣ ያለቀሰው በአንዲት ቁራጭ ቆዳ እንደሆነ ላይገነዘብ ይችላል።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ‹‹ፋቂ›› የሚለው ቃል ፋቀ ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም። የሚፍቅ ሰው ማለት ነው። በአገራችን ግን ስድብ ሆነ። ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ሸክላ ሠሪዋ ሰው የምትበላ፣ ፋቂው ርኩስ ተባለ። አብሮ አይበላም፤ ልጅ አይሰጠውም፣ ከርሱም አይወሰድም። ይህ የአማራው ብቻ አልነበረም። በሜጫ ኦሮሞም ቱምቱውና ፋቂው ከሌላው ተለይተው የሚኖሩ ነበሩ። በጉራጌ በኩል እንጨት ጠራቢው ፉጋ ዕጣው ያው ነበር። በቋንቋና በሃይማኖት የሚለያየው ሕዝባችን በዚህ በዚህስ አንድ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የሚገርመው ነገር አለ። የብራና መጽሐፍ የሚጻፈው በተፋቀ ቆዳ ላይ ነው። ፍየሉ ያው፣ ቆዳው ያው፣ መፋቂያው ያው። ለዳዊት የሚሆነውን ቆዳ የሚያዘጋጀውም ብራና ፋቂ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ካህን ወይም ደብተራ ነው፤ ሰው እጁን ይስማል። ለስልቻና ለኮርቻ የሚፍቀው ግን በር ላይ ይቆማል። በአንድ ግስ ሁለት ሰው ተሠራ፤ አንዱ ከፍ አለ፣ አንዱ ዝቅ አለ።

በመሣሪያዎቹም መካከል ይኸው ልዩነት አለ። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ይከበራል፤ መኳንንቱና ነገሥታቱ ሳይቀሩ ይደረድሩት እንደነበር ይነገራል። ክራር ደግሞ የመጠጥ ቤትና የዳንኪራ ሆኖ ተቆጠረ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት ርእስ ላይ ‹‹የሰይጣን መሣሪያ›› የሚለውን መጠሪያ አስገብተውታል፤ ሕዝቡ እንዲህ ይለው ነበርና። ልብ በሉ፦ በገናና ክራር አጥንታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ገበቴ፣ ሁለት ቋሚ፣ ቀንበር፣ ቆዳና አውታር ናቸው። እግዚአብሔርንና ሰይጣንን የለየው የሠሪው እጅ ሳይሆን የሰሚው ጆሮ ነው።

ነገሩን የተረዱት ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ የሚነግደውን ሳይቀር በሥራው ስም መናቅ አገር የሚያጠፋ መሆኑን ነበር የተናገሩት። ምኒልክ ራሳቸው መኪና ፈትተው የሚያዩ፣ ዕቃ የሚነካኩ ሰው ስለነበሩ ከልባቸው እንደሆነ መገመት ይቻላል። ነገር ግን አዋጅ ስድብን ቢከለክል ጋብቻን አያዝም። ፋቂው ስሙ በአዋጅ ጸዳ እንጂ ማዕዱ አልተዘረጋለትም፤ ርስትም አላገኘም።

ርስቱ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ፤ ባለሙያውም እንደ ማንም ገበሬ የማረስ መብት አገኘ። በጎ ነገር ነው። ነገር ግን አስቡት፤ አባቱ በሙያው ሲሰደብ ያየ ልጅ መሬት ሲሰጠው መፋቂያውን ይዞ ይቀጥላል? ማረሻውን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? ንቀቱ ለዘመናት ያላጠፋውን ሙያ ነፃነቱ ሊያጠፋው የተቃረበው እንዲህ ነው። ጥፋቱ ግን የነፃነቱ አይደለም። ሙያውን ከሰውዬው ውርደት ጋር አጣብቀን ያቆየነው እኛ ነን፤ አንዱን ሲጥል ሌላውንም አብሮ ጣለ።

በዚያው ዘመን መሣሪያዎቹ ራሳቸው ወደ መድረክ እየወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ትውልደ ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ በገናው፣ ዋሽንቱ፣ ከየአካባቢው የመጡ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ መሩት። ተስፋዬ ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች መጽሐፍ እስከመጻፍ የደረሱ ሰው ነበሩ። ያሬድ ትምህርት ቤት ክራርና ማሲንቆን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን አስተማረ። ዓለሙ አጋ እዚያው በገና አስተማሩ፤ በደርግ ጊዜ በገና ከራዲዮ ሲጠፋም ሙያው አብሮ እንዳይሞት ካደረጉት አንዱ እሳቸው ናቸው። አስናቀች ወርቁ በክራሯ ስሟን ከአገር አልፋ አስጠራች። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ለክራር ዘመናዊ መላ ለመፈለግ እስከ አሜሪካው ኤም አይ ቲ ድረስ ሄዷል። ሁሉም ክብር ይገባቸዋል። ግን ከዚህ ሁሉ ስም መካከል አንድም ሠሪ አላየንም። አዝማሪው ራሱ የተናቀ ነበር፤ እንደምንም ‹‹አርቲስት›› ለመባል በቃ። ከአዝማሪው ኋላ የቆመው ሰው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ኋላ ነው።

ምዕራብ ሸዋን ውሰዱ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከአምቦ አቅራቢያ፣ ከቦዳ የወጣ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ አምቦ ተወልዶ አደገ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በግፍ ሲገደል አገር በሞላ አነባ። ገጣሚውና ዘፋኙ የምድሪቱ ስሞች ሆነዋል፤ መሆንም ይገባቸዋል። በዚያው ምድር ጌራርሳ ሲወርድ አብሮ ያለቀሰውን ማሲንቆ የሠሩት ግን በየትኛው ትውልድ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደኖሩ የሚነግረን አንድ ገጽ የለም።

ሌላም ዕዳ አለ፤ እንጨቱ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው አዲስ ዓለምን ያልፋል። ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩት የአዲስ አበባ እንጨት በማለቁ ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ተረፈች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከተማ አቁሟል፤ ማገዶ ሆኗል፣ አጣና ሆኗል። ገበቴ ግን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አገር በቀሉ ዛፍ ደግሞ ጊንጪ አጠገብ እንዳለው እንደ ጭሊሞ ባሉ ጫካዎች ተጠግቶ ቀርቷል፤ እሱም ከድሮው እጅግ ተመናምኖ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተጀምሮ መላ ኦሮሚያን ያዳረሰው ተቃውሞ ሲነሳ ከቅሬታዎቹ አንዱ የዚሁ የጭሊሞ ጉዳይ ነበር። ጫካ የጠፋ ዕለት የሚጠፋው ዝናብ ብቻ አይደለም። ገና ያልተጠረበ ገበቴም አብሮ ይጠፋል።

እንጨቱ ሲወደድ፣ ሠሪው ሲጠፋ ምን እንደሚተካ በየሱቁ እያየነው ነው። ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ክራር ቀለም ተቀብቷል፣ ዛጎል ተደርድሮበታል፣ ባንዲራ ተስሎበታል። ውበት አይጠላም። ነገር ግን መታ አድርጋችሁ ስሙት፤ ደረቅ ቆርቆሮ ነው። ሠሪውም አውቆ ነው፤ ገዥው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው እንጂ ሊመታው እንዳልሆነ ያውቃል። ዓይን ብቻ ለሚገዛ ሰው ጆሮ የሚያስደስት ነገር ማን ይሠራል? ኤሌክትሪክ ያለው ክራርም መጥቷል፤ ለትልቅ አዳራሽ ይጠቅማል፣ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን ድምፁ ከማጉያው መውጣት ሲጀምር ቆዳው ጥሩ ሆነ መጥፎ የሚለው ጥያቄ እየተረሳ ይሄዳል።

ስለዚህ ክራር ልትገዙ ስትሄዱ በዓይናችሁ አትግዙ። መጀመሪያ ቆዳውን በጣታችሁ መታ አድርጉት፤ መሃሉም ዳሩም ሳይታፈን ይመልስላችሁ። ከዚያ አንዱን አውታር መትታችሁ ዝም በሉ፤ ድምፁ እስኪሞት ጠብቁ። የጥሩ ክራር ድምፅ ቀስ ብሎ ይከስማል፤ የመጥፎው እንደተመታ ይሞታል። ዝናብ በበዛበት ቀን ቆዳው ይላላልና ድምፁ ቢዳከም ወዲያው አትፍረዱበት፤ አዝማሪዎቹ እሳት ዳር አሙቀው የሚጀምሩት ለዚህ ነው። እንዲህ የሚሰማ ገዥ ሲመጣ ሠሪውም እንደገና በጆሮው መሥራት ይጀምራል። ገዥ ሠሪን ያስተምራል፤ በክፉም በደጉም።

‹‹ስም መጻፍ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የኛ ባህል የጋራ ነው፣ ባለሙያውም ስሙን አይፈልግም›› የሚለኝ አይጠፋም። የተከበረ አስተያየት ነው፤ ግን እውነት አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችንን መጨረሻ ገጽ ግለጡ። ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ስሙን ጽፎ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። ትሕትና ስምን መደበቅ ብቻ አይደለም፤ ‹‹ይህን የሠራሁ እኔ ነኝ፤ ስሕተቴን ይቅር በሉኝ›› ማለትም ትሕትና ነው። ጸሐፊው ስሙን እንዲጽፍ የተፈቀደለት ስለተከበረ ነው። ከሥሩ ያለውን ብራና የሚመስለውን ቆዳ ክራር ላይ የወጠረው ሰው ስሙን ያልጻፈው ስላልፈለገ አይመስለኝም። ስሙ ቢታወቅ ምን እንደሚባል ስላወቀ ነው እንጂ። ገዥው ‹‹የፋቂ ሥራ ነው›› ብሎ እንዳይተወው ክራሩ ያለ ባለቤት ወደ ገበያ ወጣ።

ዛሬ ያ ስድብ በአደባባይ አይነገርም። በጓዳ መነገሩ ግን አልቆመም፤ ልጅ ሲዳር ‹‹ዘሩ ምንድን ነው?›› የሚለው ጥያቄ ምን እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሙዚቃ የሚያሳትሙ ሰዎች በምስጋናው ዝርዝር ውስጥ ለፎቶ አንሺው ከሰጡት ቦታ አንዲት መስመር ለመሣሪያ ሠሪው ይስጡት። መሣሪያውን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ክራሩን ከመቃኘቱ በፊት የሠራውን ሰው ስም እንዲያውቅ ያድርጉ። እኛም ስንገዛ ሠሪውን እንጠይቀው፤ ገበቴው ውስጥ፣ ቆዳው ሳይወጠርበት ስሙን፣ ከተማውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍልን። መጻፍ ካልቻለ ይንገረንና እንጻፍለት። ቆዳው አርጅቶ ሊቀየር የተፈታ ቀን፣ ከሃምሳ ዓመትም በኋላ ቢሆን፣ የሚከፍተው ሰው ያነበዋል።